እምነቴ አብሮኝ አድጓል፣ እውቀቴ ግን የልጅነቴ ነው። ከየት ልጀምር?

ናርዶስ

ሰላም ለሁላችሁ። በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ያደግኩት በክርስቲያን ቤት ነው። እጸልያለሁ፣ ከቤተ ክርስቲያን አልቀርም፣ እግዚአብሔርን እወደዋለሁ። ስለ እሱ የማውቀው ግን አብዛኛው በልጅነቴ የተነገረኝ ነው። ዳዊትና ጎልያድ፣ ኖኅና መርከቡ፣ ዮናስና ዓሣው። በሙያዬ በየጊዜው አዲስ ነገር እማራለሁ፣ ካልተማርኩ ሥራው አያሠራኝም። በእምነቴ ግን ማንም አላስገደደኝምና እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

በቅርቡ ልጄ «ኢየሱስ አምላክ ከሆነ ወደ ማን ነበር የሚጸልየው?» አለችኝ። እኔ በእሷ ዕድሜ ሳለሁ የተመለሰልኝን መለስኩላት። እሷ ረክታ ሄደች። እኔን ግን አላረካኝም።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። ሥራና ልጆች ያሉት፣ ነገረ መለኮት ትምህርት ቤት የመግባት ሐሳብ የሌለው ሰው ከየት ይጀምራል? ደግሞም በጣም የማከብራቸው አንዲት እናት «ብዙ ማንበብ ልብን ያደርቃል» አሉኝ። እውነት ነው?

የሌሊት አንባቢ

እህቴ ናርዶስ፣ እንኳን ደህና መጣሽ።

ስለ መጽሐፍ ቅዱስ የተጻፉ መጻሕፍትን ከመግዛትሽ በፊት ከራሱ ከመጽሐፍ ቅዱስ አንድ መጽሐፍ ያዢ። እኔ የማርቆስን ወንጌል እመክርሻለሁ። 16 ምዕራፍ ብቻ ነው፣ አንድ ምሽት ቁጭ ካልሽ ያልቃል። መጀመሪያ ከዳር እስከ ዳር አንብቢው። ቆመሽ ማብራሪያ አትፈልጊ። ሁለተኛው ዙር ላይ ቀስ በይ።

ብዙዎቻችን ወንጌልን የምናውቀው በቁርጥራጭ ነው። አንድ ሳምንት አንድ ተአምር፣ ሌላ ሳምንት አንድ ምሳሌ። ምዕራፍ 5ን ሙሉውን ስታነቢ የሚሆነውን ተመልከቺ። ኢያኢሮስ ሴት ልጁ ልትሞትበት ነው። ኢየሱስን ይዞ ወደ ቤቱ እየሄደ ነው። መንገድ ላይ ደም የሚፈሳት ሴት መጣች። ታማ የኖረችው 12 ዓመት ነው ይለናል ማርቆስ። ኋላ ደግሞ የልጅቷ ዕድሜ 12 ዓመት እንደሆነ ይነግረናል። አንዷ በቤቷ እየተወደደች ስታድግ ሌላዋ ያን ሁሉ ዘመን ገንዘቧን በሐኪም ጨርሳለች። ኢየሱስም ቆሞ ያችን ሴት «ልጄ ሆይ» ይላታል። ይህን ሲላት ኢያኢሮስ አጠገቡ ነው። እያንዳንዷ ደቂቃ የጨነቀችው አባት፣ ሌላ ሴት «ልጄ» ተብላ ስትጠራ እየሰማ ቆሟል።

ሁለቱን ታሪኮች ለየብቻ በስብከት ደጋግሜ ሰምቻለሁ። አንድ ላይ ያየኋቸው ግን ቀስ ብዬ ሳነብ ነው። ልቤ የደረቀ አልመሰለኝም።

ለአንቺ የቤት ሥራ፦ ምዕራፍ 8 ላይ አንድ ዓይነ ስውር በሁለት ጊዜ ነው የሚድነው። መጀመሪያ ሰዎችን እንደ ዛፍ ሲመላለሱ ያያል። ወዲያው ቀጥሎ ጴጥሮስ የሚለውንና የሚያደርገውን አንብቢና ማርቆስ ለምን እዚያ እንዳስቀመጠው ንገሪን።

ልብ ይቅደም

ይቅርታ አድርጉልኝ፣ እኔ ከእናትየው ጋር ነኝ።

ነገረ መለኮት ማጥናት ጀምረው የተለወጡ ሰዎች አይቻለሁ። መጀመሪያ ጸሎታቸው አጠረ። ከዚያ ሰባኪ ሁሉ ጎደለባቸው። በመጨረሻ ከእነሱ ጋር ያለ ክርክር ማውራት አልተቻለም። ሐዋርያው «እውቀት ያስታብያል፥ ፍቅር ግን ያንጻል» ያለው በከንቱ አይደለም።

ቅዱስ እንጦንስ የመነኮሳት አባት ነው፣ የፊደል ትምህርት ግን አልተማረም። የምዕራብ ቤተ ክርስቲያን ታላቅ ሊቅ ቶማስ አኩዊናስ ያን ሁሉ ከጻፈ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1273 መጨረሻ ቅዳሴ ላይ ሳለ አንድ ነገር ደረሰበት። ካየሁት ጋር ሳወዳድረው የጻፍኩት ሁሉ ገለባ ነው አለ። ትልቁን መጽሐፉን ሳይጨርስ በቀጣዩ ዓመት አረፈ። የሊቆች ሊቅ ይህን ካለ እኛ ምን እንላለን?

አታንብቢ አልልም እህቴ። ግን ልብሽን ጠብቂ።

ጡረተኛው መምህር

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ነገረ መለኮት ሳስተምር ነው የኖርኩት። ትንሽ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፣ ታገሡኝ።

ልብ ይቅደም፣ ስጋትህ ከንቱ አይደለም። አንተ ያየሃቸውን ዓይነት ሰዎች እኔም አስተምሬአለሁ። ግን ያመጣሃቸውን ምስክሮች እስቲ ቀረብ ብለን እንያቸው። የእንጦንስን ሕይወት የጻፈልን የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ አትናቴዎስ ነው። እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሲነበብ አንዲት ቃል እንኳ እንዳትወድቅ አድርጎ ይሰማ ነበር፣ ማስታወሱም በመጻሕፍት ፋንታ ሆነለት ይላል። ስለዚህ እንጦንስ ከመጽሐፍ የራቀ ሰው አልነበረም። ከብዙዎቻችን ይልቅ መጽሐፉን ያወቀ ሰው ነበር። ቶማስም ያን ያየው ከመጻሕፍቱ ሸሽቶ አይደለም፣ ሲማርና ሲጸልይ ኖሮ ነው። «እውቀት ያስታብያል» ያለው ጳውሎስ ደግሞ በእስር ሳለ፣ የሚሄድበት ጊዜ መድረሱን እያወቀ፣ ጢሞቴዎስን በርኖሱንና መጻሕፍቱን፣ ይልቁንም በብራና የተጻፉትን እንዲያመጣለት ለመነው። ሊሞት የተዘጋጀ ሰው መጽሐፍ አምጡልኝ ይላል! ይህን ቁጥር በጣም እወደዋለሁ።

አሁን ወደ ልጅሽ ጥያቄ ልምጣ፣ ናርዶስ። ትንሽ ጥያቄ እንዳይመስልሽ። አራተኛው መቶ ዘመን የታመሰው በእሱ ነው። አርዮስ የሚባል የእስክንድርያ ቄስ ስለ ወልድ «ያልነበረበት ጊዜ ነበረ» ይል ነበር። ተከታዮቹ ማስረጃ የሚያደርጉት ልክ ልጅሽ ያየችውን ነው፦ ኢየሱስ ጸልዮአል፣ ደክሟል፣ አልቅሷል፣ ስለዚህ ፍጡር ነው። እ.ኤ.አ. በ325 ኒቅያ ላይ የተሰበሰቡት አባቶች ወልድ ከአብ ጋር በባሕርይ አንድ ነው አሉ። ጉዳዩ ግን በዚያ አላበቃም። ከዚያ በኋላ ከሃምሳ ዓመት በላይ ተከራከሩበት፤ አትናቴዎስ አምስት ጊዜ ከመንበሩ ተሰደደ።

እ.ኤ.አ. በ380 ገደማ ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ በቁስጥንጥንያ አምስት ንግግሮች አደረገ። ከእነዚህ በሦስተኛው መጨረሻ ላይ የልጅሽን ጥያቄ ይመልሰዋል። አሳቡን በራሴ አባባል ላስቀምጠው፦ ይጸልያል፣ ጸሎትንም የሚሰማ እሱ ነው። ያለቅሳል፣ እንባንም ያብሳል። አልዓዛርን የት አኖራችሁት ብሎ ይጠይቃል፣ ሰው ነውና፤ ያስነሣዋልም፣ አምላክ ነውና።

አየሽ፣ አብና ወልድ አንድ አካል አይደሉምና ወልድ ከአብ ጋር ይነጋገራል። እውነተኛ ሰው ሆኗልና እንደ ሰው ይጸልያል። የሚጸልየው የሌለውን ፍለጋ አይደለም። የእኛን ጸሎት የራሱ አድርጎ ወስዶ ነው። ይህን ለልጅሽ በአንድ ዓረፍተ ነገር ልትነግሪያት ትችያለሽ። ለራስሽ ግን ብዙ ዓመት ልታስቢበት የሚበቃ ነው። ይህን የገባው ሰው ጸሎቱ ሲያጥር አይቼ አላውቅም። ብቻዬን አይደለም የምጸልየው ማለት ይጀምራል።

ስለ አንቺ ፍርሃትም፣ ልብ ይቅደም፣ ያው ጎርጎርዮስ ተናግሯል። የመጀመሪያው ንግግሩ ስለ እግዚአብሔር መከራከር ለሁሉም፣ በማንኛውም ጊዜና ቦታ አይደለም የሚል ተግሣጽ ነው። በየገበያው ስለ ሥላሴ የሚጨቃጨቁ ሰዎች አስመርረውታል። ቀጥሎ ግን እግዚአብሔርን ማሰብ ከመተንፈስ ይልቅ ሊዘወተር ይገባል ይላል። የከለከለው ማሰብን አይደለም፣ መለፍለፍን ነው።

ልብ ይቅደም

መምህር፣ አክብረው ስለመለሱልኝ አመሰግናለሁ። («አንቺ» ያሉኝ ናርዶስን አስበው ይሆናል፣ ወንድ ነኝ።) የእንጦንስን ነገር በዚህ መልኩ አስቤው አላውቅም። አንድ ጥያቄ ግን አልተመለሰልኝም። ማንበብና መጸለይ እንዴት አንድ ላይ ይሄዳሉ? ብዙ ሰው ሁለቱን በተለያየ ሰዓት ነው የሚያደርገው። አንዱ ጊዜ ሲወስድ ሌላው ይጎዳል።

የሌሊት አንባቢ

ለዚህ መልስ አለኝ፣ መምህር ካላስቸገርኩ።

በ12ኛው መቶ ዘመን ጉዊጎ የሚባል፣ ካርቱሳውያን ከሚባለው የምዕራብ ገዳማዊ ማኅበር የሆነ መነኩሴ አራት ደረጃ ያለው መሰላል አስቀምጧል። ማንበብ፣ ማሰላሰል፣ መጸለይ፣ ከዚያ በእግዚአብሔር ፊት ዝም ብሎ መቆየት። ከሁሉ የያዘኝ ስለ ግንኙነታቸው የሚለው ነው። ሳያሰላስሉ ማንበብ ፍሬ የለውም፤ ሳያነቡ ማሰላሰል ለስሕተት ይዳርጋል፤ ሳያሰላስሉ መጸለይ ለብ ያለ ነው። ወንድሜ፣ ያንተን ስጋትም የእኔንም መልስ አንድ ላይ ይዞታል።

እኔ የማደርገውን ልንገርህ። አጭር ክፍል ነው የምወስደው፣ ብዙ ጊዜ ከአንድ አንቀጽ አይበልጥም። እርሳስ እይዛለሁ። ያቆመችኝን አንዲት ሐረግ አሰምርባታለሁ። ማብራሪያ የምከፍተው ያልገባኝ ነገር ካለ ነው። ከዚያ መጽሐፉን ሳልዘጋ ያችኑ ሐረግ ወደ ጸሎት እለውጣታለሁ። ኢያኢሮስን ባነበብኩ ቀን የጸለይኩት ስለዘገየብኝ ነገር ነው። ሌላ የጸሎት ርዕስ መፈለግ አላስፈለገኝም።

ናርዶስ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መምህር፣ የጎርጎርዮስን መልስ ለልጄ ነገርኳት። «ታዲያ ለምን ከመጀመሪያው እንዲህ አላልሽኝም?» አለችኝ።

ማርቆስን አንዴ ጨርሼዋለሁ። የቤት ሥራዬ ይኸው፦ ጴጥሮስ «አንተ ክርስቶስ ነህ» ይላል። ወዲያው ኢየሱስ መከራ እንደሚቀበል ሲናገር ይገሥጸው ጀመር። ማለት ግማሹን አይቷል፣ እንደዚያ ሰውዬ። ሁለተኛ መነካት ያስፈልገዋል። ልክ ነኝ?

ግን አንድ ነገር አስደንግጦኛል። መጨረሻው ምዕራፍ ላይ ከቁጥር 9 እስከ 20 ያለው በአንዳንድ ጥንታዊ ቅጂዎች የለም የሚል የግርጌ ማስታወሻ አየሁ። ይህ ነገር እረፍት ነሳኝና ማቴዎስንም ገለጥኩ። የዮሴፍ አባት ያዕቆብ ይላል። ሉቃስ ደግሞ ኤሊ ይላል። ይህን ያህል ዓመት እንዴት ማንም አልነገረኝም? ከዚህ በኋላ ደግሞ ምን ላገኝ ነው?

ቤርያ

ናርዶስ፣ የጴጥሮስን ነገር አግኝተሽዋል። ጎበዝ።

በድንጋጤሽ አትፈሪ። ቆም ብለው የሚያነቡ ሰዎች ሁሉ እዚህ ቦታ ይደርሳሉ። አንዳንዱ መጽሐፉን ዘግቶ ይተወዋል፣ አንዳንዱም እምነቱን ይጥላል። ሁለቱም የሚሆነው ጥያቄውን የመጀመሪያ ሆነው ያገኙት ስለሚመስላቸው ነው።

የትውልድ ሐረጉን ጥያቄ በሦስተኛው መቶ ዘመን ዩልዮስ አፍሪካኑስ የሚባል ክርስቲያን ጸሐፊ በደብዳቤ አንስቶታል። የታሪክ ጸሐፊው አውሳቢዮስ በቤተ ክርስቲያን ታሪኩ ውስጥ አቆይቶልናል። የአፍሪካኑስ መልስ ያዕቆብና ኤሊ ከአንድ እናት የተወለዱ ወንድማማቾች ነበሩ የሚል ነው። ኤሊ ያለ ልጅ ሲሞት ያዕቆብ በሙሴ ሕግ መሠረት ሚስቱን አግብቶ ዮሴፍን ወለደ። ስለዚህ ዮሴፍ በሥጋ የያዕቆብ፣ በሕግ የኤሊ ልጅ ነው። በመልሱ የማይስማሙ አሉ፤ ሌሎች ሌላ መልስ ሰጥተዋል። ቁም ነገሩ ጥያቄውን ማንም አልደበቀም።

የማርቆስ መጨረሻም እንዲሁ ነው። ኮዴክስ ሲናይቲከስና ኮዴክስ ቫቲካነስ የሚባሉት የአራተኛው መቶ ዘመን ቅጂዎች ቁጥር 8 ላይ ያበቃሉ፣ ሴቶቹ ፈርተው ለማንም ሳይናገሩ። በሌላ በኩል ሄሬኔዎስ የሚባል ጳጳስ እ.ኤ.አ. በ180 ገደማ ቁጥር 19ን የማርቆስ ብሎ ጠቅሶታል። ስለዚህ ክፍሉም በጣም ጥንታዊ ነው። አውሳቢዮስም፣ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ላቲን የተረጎመው ሄሮኒሞስም የቅጂዎቹን ልዩነት ያውቁ ነበር፣ ጽፈውበታል፣ እምነታቸውም አልተናጋም። እኔን የረዳኝ ይህ ነው። እኔን እንቅልፍ የነሳኝን ነገር እነሱ በብርሃን አስቀምጠው፣ ጸልየው፣ ቀድሰው ኖረዋል።

ሌላው ነገር፣ ብቻሽን አታንብቢ። ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ኢሳይያስን ይዞ ሳለ ፊልጶስ «በውኑ የምታነበውን ታስተውለዋለህን?» ሲለው አልተቆጣም። «የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?» ነው ያለው። ባለሥልጣን ሰው ነበር፣ የንግሥቲቱ ገንዘብ ሁሉ በእጁ ነው፤ እንግዳውን ግን ሰረገላው ላይ አስወጥቶ አጠገቡ አስቀመጠው። ሦስት አራት ሆናችሁ አንድ ምዕራፍ ብታነቡ ይበቃል። አንድ ሕግ ብቻ አድርጉ፦ ጽሑፉ ምን ይላል የሚለው ሳይጠናቀቅ «እኔ የሚመስለኝ» አይጀመር።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይህ ቦታ ይጠቅማልና። ከሌላ ቤተ ክርስቲያን የሆኑትን በራሳቸው አፍ ስሟቸው። እ.ኤ.አ. በ451 ከተደረገው የኬልቄዶን ጉባኤ በኋላ አብያተ ክርስቲያናት ተለያይተው ቀርተዋል። ብዙዎቻችን ግን የሌላውን ወገን ትምህርት የምናውቀው ከራሳችን ወገን ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ሻምቤዚ፣ ስዊዘርላንድ ላይ ከሁለቱ የኦርቶዶክስ ቤተሰቦች፣ ጉባኤውን ከተቀበሉትና ካልተቀበሉት፣ የተሰበሰቡ ሊቃውንት አንድ የጋራ መግለጫ አውጥተው ነበር። ሁለቱም ወገኖች በተለያየ አነጋገር ያንኑ የአባቶች እምነት ጠብቀዋል ይላል። ሁሉም አልተቀበለውም፣ ውዝግቡም አላለቀም። ማንም ይሁን ማን ግን ከመፍረዱ በፊት ያንብበው። በሰው ላይ የሐሰት ምስክርነት አለመስጠትም ትእዛዝ ነው።

በጆሮዬ

እኔ ዓይኔ ደክሟል፣ ፊደል ማየት አልችልም። ይህን የሚያነብልኝ ስልኬ ነው።

ማንበብ ለማትችሉ ወይም ጊዜ ለሌላችሁ ልናገር። ስሙ። ፊልጶስ ጃንደረባው ሲያነብ «ሰማ» ነው የሚለው፣ ድምፁን አውጥቶ ያነብ ነበርና። አውግስጢኖስም የሚላኑ ጳጳስ አምብሮስዮስ ድምፁን ሳያሰማ በዓይኑ ብቻ ሲያነብ አይቶ ተገርሞ ጽፎታል። የጥንት ሰው አብዛኛው ወንጌልን የተቀበለው በጆሮው ነው።

እኔ ኢሳይያስን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰምቼዋለሁ። ያልገባኝን ደግሜ አስነብባለሁ። ከመዝሙራት በቃሌ የያዝኳቸው አሉ፤ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ እነሱን እላለሁ። በወጣትነቴ ዓይኔ ጤነኛ ሳለ እንዲህ አላውቃቸውም ነበር።

ልብ ይቅደም

እናቴ ይሁኑ አባቴ አላውቅም፣ ግን እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ ይህ ገባኝ። እኔም ማርቆስን እቀላቀላለሁ።

ናርዶስ

በጆሮዬ፣ ዕቃ ሳጥብና መንገድ ላይ ስሆን መስማት እንደምችል ለምን እንዳልታሰበኝ እንጃ። ዛሬውኑ እጀምራለሁ።

መምህር፣ የመጨረሻ ጥያቄ። ከማርቆስ በኋላ ከአባቶች ምን ላንብብ? ሲበዛ እንደሚያስፈራኝ ይወቁልኝ።

ጡረተኛው መምህር

በመጀመሪያ ልጄ ልብ ይቅደም፣ ይቅርታ፣ ዓይኔ ናርዶስ ላይ ሆኖ ነው።

ናርዶስ፣ ሁለት ብቻ እሰጥሻለሁ፣ በምትችይው ቋንቋ ካገኘሻቸው። አንደኛው የአትናቴዎስ ስለ ቃል ሥጋ መሆን የጻፈው ነው። አጭር ነው፣ እግዚአብሔር ለምን ሰው ሆነ ለሚለው ጥያቄ የተጻፈ። ሌላ ቀላል መግቢያ ከመፈለግሽ በፊት እሱን ሞክሪው፤ አባቶች ራሳቸው ስለ እነሱ ከሚጻፉት ብዙ መጻሕፍት ይልቅ ግልጽ ናቸው። ሁለተኛው የአውግስጢኖስ ኑዛዜ ነው። 13 ክፍል አለው። መጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ሕይወቱን ይተርካሉ፣ እ.ኤ.አ. በ387 በፋሲካ እስከ ተጠመቀበትና እናቱ እስካረፈችበት ድረስ። ከዚያ በኋላ ስለ ማስታወስ፣ ስለ ጊዜና ስለ ፍጥረት ይጽፋል፣ ይከብዳል። ዘጠኙን አንብበሽ ብታቆሚ ምንም አይደለም፣ ከዓመታት በኋላ ትመለሺበታለሽ። መጽሐፉ በሙሉ ለእግዚአብሔር የተነገረ ጸሎት ነው። ልብ ይቅደም የሚፈልገውን ዓይነት ነገረ መለኮት እዚያ ታገኙታላችሁ።

ታላቁ ጎርጎርዮስ (ሌላ ጎርጎርዮስ ነው፣ የሮም ጳጳስ የነበረው) ቅዱሳት መጻሕፍት በግ የሚራመድበት፣ ዝሆን የሚዋኝበት ወንዝ ናቸው ብሏል። ስለዚህ የሚያስፈራሽ ገጽ ሲመጣ እለፊው፣ ሌላው ላይ ቁሚ።

ማርቆስን አብራችሁ ልታነቡ ከሆነ አንድ ነገር ላሳስባችሁ። ምዕራፍ 1 ቁጥር 2 እና 3 ላይ ማርቆስ «በነቢዩ በኢሳይያስ» ብሎ ይጀምራል፣ የመጀመሪያው ሐረግ ግን የሚመጣው ከሚልክያስ ነው። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ሚልክያስ 3ን እና ኢሳይያስ 40ን አንብቡ። ኢሳይያስ 40 ላይ መንገዱ የሚጠረገው ለማን እንደሆነ እዩ፤ ከዚያ ማርቆስ ያን ቃል ለማን እንደተጠቀመበት እዩ። ናርዶስ፣ የልጅሽ ጥያቄ እዚያም አለ።

የሌሊት አንባቢ

እኔ ዝግጁ ነኝ። ሚልክያስና ኢሳይያስ እስከ እሁድ ይሁን። ሰኞ ማታ ማርቆስ 1፣ ቁጥር 1 እስከ 15። በጆሮዬ፣ ኢሳይያስን ከሁላችንም በላይ ስለሚያውቁት ምዕራፍ 40ን እርስዎ ቢያስጀምሩን?

በጆሮዬ

እሺ። በቃሌ እለዋለሁ፣ ስልኬ ይጽፍልኛል።